የመንደሩ ቁጥር

በዚያ ዓመት አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን ዋና ከተማ ሱቫን ሁለት ጊዜ መታት። የመጀመሪያው በገና ማግስት መጣ፤ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ጭቃ ጠርጎ ሳይጨርስ በየካቲት። በመካከሉ ዝናቡ አላባራም። ጎደሬው መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። አምስት ዶላር የነበረው የካሳቫ ክምር ገበያ ላይ አሥራ ሁለት ገባ። ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን ከረግረጉ ሲፈልጉ አንዳንዶቹ ያገኙት መቅዘፊያውን ብቻ ነው። ከናሲኑ መንገድ በታች፣ ረግረጉ ዳር ባለችው በናቲሪ ሰፈር ጣሪያው ሳይነካ ያደረ ቤት አልነበረም። ሰው በሰማያዊ ሸራ ሥር ኖረ። ሸራው ቀን ያፍናል፣ ሌሊት ያንጠባጥባል፤ ነፋስ ሲነሳ እየተርገፈገፈ እንቅልፍ ይነሳል። ሁለት ሕፃናት በሳንባ ምች ሞቱ። ሰው ቀበረና ወደ ሸራው ተመለሰ።

በግንቦት አንድ ሐሙስ የእርዳታ ድርጅቱ መኪና መጣና የሳኪዩሳን ስም ጠራ። ሳኪዩሳ ጡረታ የወጣ የወደብ ጫኝ ነው። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖራል፤ በሰፈሩ በዕድሜ የሚበልጠው የለም። ሹፌሩ አዲስ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የጣሪያ እንጨት ግቢው ውስጥ አወረደ። ለራሱ ቤት ብቻ እንጂ ላይሸጠው፣ ለሌላም ላይሰጠው አስፈረመው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ሌላ ስም አልጠራም። ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሁሉም በመጋቢት በስልክ ተመዝግበዋል፤ ሁሉም «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ተብለዋል። መኪናው ዞሮ ሲሄድ የተረፋቸው ጎማው የረጨባቸው ጭቃ ነው። ሳኪዩሳ የሌሎቹ ነገ ይመጣል ብሎ ቆርቆሮውን ሳይመታ በጆንያ ሸፍኖ አስቀመጠው። ዓርብ መኪና አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

ሰኞ ማለዳ ባልዲውን ይዞ ወደ ቦኖው ወረደ። ሌሊቱን በብርድ ሲያስለው አድሯል። ቦኖው አጠገብ ካለው ሸራ ጀርባ ሲደርስ ድምፅ ሰማ።

«ሳሉን ሰማችሁ?» አለ አንዱ። «ዝገት ነው። የበላው ቆርቆሮ አልፈጭ ብሎት ነው።»

«ኧረ ዝም በል፣ ይሰማሃል!» ብላ አንዲት ሴት ሳቀች።

«ይስማ። ቆርቆሮ የሆነው ሆዱ ነው፣ ጆሮው ገና ሥጋ ነው።»

ድምፁ የኤሞሲ ነው፤ የአክስቱ ልጅ። በዚያ አገር የአክስትና የአጎት ልጆች ዘመድነታቸው የሚታወቀው በመሰዳደብ ነው። ሳኪዩሳና ኤሞሲ ስድሳ ዓመት ሙሉ፣ በሠርግም በለቅሶም ሲሰዳደቡ ኖረዋል። ኤሞሲ ይህንኑ ስድብ ፊት ለፊት ቢለው ሳኪዩሳ ደስ ብሎት መልሱን በፈለገ ነበር። ከጀርባው መናገሩ ነው ያስደነገጠው። ሸራውን አልፎ ብቅ ሲል ኤሞሲ አልሳቀም። ባልዲውን አነሳና ፊቱን አዙሮ ሄደ። ስትስቅ የነበረችው ሴትም የልጇን አፍንጫ መጥረግ ጀመረች። ሳኪዩሳ ባልዲውን ተራው ላይ አኖረ። ወዲያው የአንዱ እግር ወደ መጨረሻው ገፋው። እግሩ የማን እንደሆነ ቀና ብሎ አላየም።

ውሃ ትቀዳ የነበረችው ራንጂላ ናት፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሮቲ የሚባል ቂጣ ጠቅልላ የምትሸጥ መበለት። የእሷና የሳኪዩሳ ግቢ የሚለያየው በአንድ ቦይ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በነበረው አውሎ ነፋስ የሳኪዩሳ ሚስት ማከሬታ ታማ ተኝታ ሳለች ጣሪያቸው ተነሳ። የራንጂላ ባል ቢሱን በዝናቡ መሃል ወጥቶ የራሱን ማድ ቤት ቆርቆሮ ነቀለ፤ ተሸክሞ ቦዩን ተሻገረና ከማከሬታ አልጋ በላይ መታው። ማከሬታ ከዚያ ሦስት ወር ኖረች፤ ዝናብ ሳይነካት ሞተች። ሳኪዩሳ ቆርቆሮውን ሊመልስ ሲያስብ የቀብሩ ወጪ መጣ። እንደገና ሲያስብ ጡረታ ወጣ። ቢሱን ራሱ ሞተ። ሳኪዩሳ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያን ቆርቆሮ ከሌላው ለይቶ ይሰማዋል። ራንጂላ አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም። ዛሬ ግን ባልዲዋ እስኪሞላ ቆማ፣ ውሃውን እያየች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ እንዲህ አለች፦

«ሳኪ ወንድሜ፣ ባሌ ያን ቆርቆሮ ሲሰጥህ ስም አልጻፈበትም ነበር።»

ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ሳኪዩሳ ውሃ መቅዳቱን ተወው። ቤቱ ገብቶ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለበሰ። ወደ ከተማ ወርዶ የሆነውን ካልጠየቀ ናቲሪ ውስጥ መኖር እንደማይችል ገባው። ሰፈሩ ውስጥ የሽማግሌ ሀብት ቃሉ ነው፤ ቃሉ ካለቀ ቢሞትም መቃብሩን የሚቆፍርለት አያገኝም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የእህቱን ልጅ አኮሲታን አገኛት። አኮሲታ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ሰኞ ዕረፍቷ ነው። ሰፈሩን ሁሉ በስልኳ የመዘገበችው እሷ ናት። የእህት ልጅ ከእናቱ ወንድም ቤት ዓይኑ ያረፈበትን ሳይጠይቅ ያነሳል፤ አጎት እጅ መያዝ አይችልም፤ ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። አኮሲታም ከልጅነቷ ጀምሮ ዶሮውን፣ መረቡን፣ አንድ ጊዜም ሰዓቱን ከእጁ ላይ ፈትታ ወስዳበታለች። «ሞሞ፣ ይህን ወስጃለሁ» ትላለች፤ አለቀ። ሞሞ ማለት የእናቴ ወንድም ማለት ነው። ቆርቆሮው ከመጣ ወዲህ ግን ግቢውን አልረገጠችም። አለመውሰዷ ከኤሞሲ ስድብ ይልቅ አቁስሎታል።

«የት ነው የሚሄዱት?» አለችው። ሞሞ አላለችውም።

«የእርዳታ ቢሮው።»

«እኔም እዚያ ነኝ። ለማን ምን እንደሰጡ ልጠይቅ ነው።»

በአንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የሸራ መጋረጃው ወርዶ ዝናቡ ይመታዋል። ሬዲዮው ይጮሃል። አንድ ሰው ስለ ራግቢ፣ ሌላው ስለ ዱቄት ዋጋ ያወራል። ሳኪዩሳ የአኮሲታን ማጅራት ሲያይ ሄደ። በአራት ዓመቷ ትኩሳት ይዟት በዚሁ መንገድ ተሸክሟት ሮጧል። ማጅራቱ ያው ነው፤ ፀጉሩ ብቻ ተቆርጧል።

ቢሮው ከገበያው በላይ፣ አንድ የጨርቅ መደብር ፎቅ ላይ ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ኃላፊ አበባ የታተመበት ሸሚዝ የለበሰች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። ምዝገባ ተዘግቷል አለች ገና ሳትጠየቅ። አኮሲታ ለመመዝገብ አልመጣሁም አለች፤ የናቲሪን ሰዎች ስም አውጪልኝ። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን ነካካች፣ መነጽሯን አወረደች፣ እንደገና ነካካች።

«ከናቲሪ የገባው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሳኪዩሳ የሚባል።»

«አንድ? የሰፈሩን አባወራ ሁሉ በዚህ በጣቴ አስገብቻለሁ!»

«እህቴ፣ እኔ የማነብልሽ እዚህ ያለውን ነው።»

አኮሲታ ወደ ሳኪዩሳ ዞረች። «ስማችንን አስፍቀውብናል» አለች። «ሁለት ሕፃን ቀብረን! ሌላ ሰው ቢሆን... እርስዎ!»

ሳኪዩሳ በአጠገቡ ያለውን ወንበር ያዘ። የራሱ የእህት ልጅ ይህን አምናለች። «ልጄ» አለ፣ «እኔ እኮ ያንን ስልክ ማብራት እንኳ አላውቅም።»

ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞረው አዩአቸው። ኃላፊዋ ነገሩ እንዳይከር ብላ ከውስጥ ክፍል ፕራኒልን ጠራችው። ፕራኒል የምዝገባ ገጹን የሠራው ባለሙያ ነው፤ ቀጭን፣ ምሳውን በእጁ የያዘ ጎልማሳ። ሮቲውን በወረቀት መልሶ ጠቀለለና የደረሰኝ ቁጥሯን ጠየቃት። አኮሲታ ቁጥሩን በቃሏ አለችው።

«ይሄ የማን ነው? የአንቺ?»

«የሁላችንም።»

«እንዴት የሁላችሁም?»

«አንድ ቁጥር ነው የሰጣችሁን። በላክሁ ቁጥር ያው ነው የሚመጣው። የመንደሩ ቁጥር።»

ፕራኒል የያዘውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያው ቁጥር ሲደጋገም አልገረመሽም?»

«ምን ይገርማል? አንድ ሰፈር አይደለንም እንዴ?»

እንዴት እንደላከች አንድ በአንድ እንድትነግረው ለመናት፤ አሁን ድምፁ ወርዷል። አኮሲታ ነገረችው። ናቲሪ ታች ኔትወርክ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ፣ ጃንጥላ ተይዞላት ነው የላከችው። ዳታዋ የሁለት ዶላር ነበር፤ ገጹ አዲስ በተከፈተ ቁጥር ይበላዋል። አንዱን ከላከች በኋላ የመመለሻውን ቀስት ስትነካ ግን ገጹ ከነጽሑፉ ተመልሶ መጣላት፤ መንደሩ፣ ስልኩ፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ ሁሉም እንደተሞላ። ስሙን ብቻ እያጠፋች የሚቀጥለውን ጻፈች፣ ላከች። ተመለሰች፣ ጻፈች፣ ላከች። በየጊዜው እናመሰግናለን አለ። እሷም ቀና እያለች «ደረሰ!» ትላለች፤ የተሰበሰበው ሰው ያጨበጭባል።

ፕራኒል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ገጹ አዲስ ሲከፈት፣ አለ፣ ለዓይን የማይታይ መለያ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እንደ መግቢያ ትኬት በይው። ቅጹ ሲላክ ትኬቱ ይቀደዳል። ያው የተቀደደ ትኬት ተመልሶ ከመጣ ማሽኑ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ኔትወርክ ቆሞበት ያንኑ ቅጽ ደጋግሞ ተጫነ ይላል። የተጻፈውን ገልጦ አያነብም። ይጥለውና ለመጀመሪያው የሰጠውን መልስ መልሶ ያሳየዋል። ሌላ ደግሞ አለ። ሰዎች ኔትወርክ ሲቋረጥ የጻፍነው ይጠፋብናል እያሉ ስላለቀሱ፣ ወደኋላ ሲመለሱ ገጹ እንደነበረ እንዲመጣ አድርጓል።

«እንደነበረ መጣልሽ» አለ። «ትኬቱም አብሮ መጣ። ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ላይ ሆነው ይህን ያደርጋሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«ከላክናቸው አንዱ እንኳ የለም?»

«ከመጀመሪያው በኋላ ያለው የለም። ተጥሏል።»

ከታች የጨርቅ መደብሩ ሙዚቃ ይሰማል።

«ታዲያ ለምን አመሰገነን?» አለች አኮሲታ።

ፕራኒል መልሱን ለመናገር አፈረ። «ሁለቴ የተጫነን ሰው ስህተት ብለን እንዳናስደነግጠው ነው» አለ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ትወለውል ጀመር። ከዚያ ለወጉ ያህል ይመስላል፣ መጀመሪያ የሞላሽው ማንን ነበር ብላ ጠየቀች። አኮሲታ በአገጭዋ ወደ ሳኪዩሳ አመለከተች። «በዕድሜ የሚበልጠው እሱ ነዋ። በማን ልጀምር ኖሯል? በራሴ?» ራሷን ያስገባችው በመጨረሻ ነው፤ የሚጽፍ ሰው ራሱን አያስቀድምም። ይህን ስትል ዓይኗ ከሳኪዩሳ ዓይን ጋር ተጋጨ። ሰፈሩ የጠላው ባከበረው ነገር መሆኑን ሁለቱም በአንድ ጊዜ አዩት። ሳኪዩሳ የያዘውን ወንበር ለቀቀ። ደስታ አልተሰማውም። አንድ ሰው ማንም ክፉ ሳያስብበት፣ እንዲሁ በአክብሮት ሊጠፋ እንደነበር አየ።

ኃላፊዋ የሁሉንም ስም ከአኮሲታ አፍ ተቀብላ እዚያው አስገባች፤ ፕራኒል እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር እንደወጣለት ቆሞ አየ። መጋዘኑ ግን ባዶ ነው። ቆርቆሮ የሚጭነው መርከብ በነሐሴ ይመጣል። ሳኪዩሳ ያን ጊዜ ነው የተናገረው። በግቢው ያለው ወደ ራንጂላ ስም ይዙር አለ፤ የእኔ ቤት አሮጌም ቢሆን ቆርቆሮ አለው፣ የእሷ ሸራ ነው።

«አይቻልም፣ አባቴ» አለች ኃላፊዋ። «በስምዎ የገባ በስምዎ ነው። ለሌላ ሰጥተው ተቆጣጣሪ ቢያገኝዎት በነሐሴውም ዝርዝር ላይ ችግር ይፈጥራል። ፈርመዋል።»

«ፈርሜአለሁ» አለ።

ሲመለሱ አኮሲታ ከአውቶቡሱ በር ላይ የተቆላ ለውዝ ገዛች። አጠገቡ ተቀመጠችና ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አኖረችው። ይቅርታ አላለችም፤ እሱም አልጠየቃትም። ለውዙን እየፈለፈሉ ሄዱ። ናሲኑ መንገድ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ቆመ።

ናቲሪ ገብታ ቤቷ አልሄደችም። ጉብታው ላይ ወጥታ ደወል ሆኖ የተሰቀለውን ባዶ የጋዝ ሲሊንደር በብረት ደበደበችው። ሰው ሞተ ብሎ ሁሉም ወጣ። አኮሲታ ሰው አልሞተም አለች። ከዚያ የሆነውን ተናገረች። ትኬቱን፣ ቀስቱን፣ ምስጋናውን ነገረቻቸው። «እኔ ነኝ» አለች። «ለሁለት ዶላር ዳታ ብዬ ወደኋላ እየተመለስኩ የላክሁት እኔ ነኝ። ቆርቆሯችን የጠፋው በእኔ ጣት ነው። እሱ አንድ ነገር አላደረገም። ሽማግሌ ነው ብለን ስላስቀደምነው ብቻ ነው የደረሰው። እኔም እንደናንተ አምኜበታለሁ፤ ከናንተም ብሼ ከተማ ድረስ ሄጄ ሰድቤዋለሁ።»

ልጇን የቀበረች አንዲት ሴት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እኛ እኮ አጨበጨብን» አለች። ሰዎቹ ሳኪዩሳን ለማየት አፈሩ። ኤሞሲ ከመሃል ወጣ፤ ሳኪዩሳ ፊት መጥቶ ቆመ።

«አንተ ዝገታም ሽማግሌ» አለው፣ ሁሉም እየሰማ። «ማሽን እንኳ ከአንተ ሌላ ሰው መቁጠር ሰለቸው። እንደዚህ ያለ አስቀያሚ ፊት ካየሁ በቃኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።»

ሳኪዩሳ አየው። «አንተንማ መጀመሪያ ቢያይህ» አለ፣ «ምዝገባውን ትቶ ቀብር ያስፈጽም ነበር።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ሳቁ መሃል የሚያለቅሱም ነበሩ። ኤሞሲ የሳኪዩሳን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ።

አኮሲታ አልሳቀችም። ከጉብታው ወርዳ ቀጥታ ሳኪዩሳ ግቢ ገባች። ሰው ተከተላት። ጆንያውን ገፈፈችና አዲሱ ቆርቆሮ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ሞሞ» አለች። «ይህን ወስጃለሁ።»

የናቲሪ ሰው ሁሉ የሆነው ገባው። የእህት ልጅ የወሰደችውን አጎት አይከለክልም፤ አልሰጠም፣ አልሸጠም፣ ተወሰደበት።

«ተቆጣጣሪው ቢመጣስ?» አለ ኤሞሲ።

«የእህቴ ልጅ ወሰደችው እለዋለሁ» አለ ሳኪዩሳ። «እሱም እህት አላጣም።»

ወንዶቹ ቆርቆሮውን በትከሻ አድርገው ቦዩን አሻገሩት። አኮሲታ ከፊት ሆና ወደ ራንጂላ በር መራቻቸው። ራንጂላ ሮቲ የምትጠቀልልበትን ወረቀት በእጇ እንደያዘች ወጥታ ቆመች፤ አልገባትም፤ ሲገባትም አላመነችም። ሸራው ሲወርድ ሦስት ወር ያቆረው ውሃ በአንድ ጊዜ ግቢው ውስጥ ተደፋ። ሳኪዩሳ ጣሪያው ላይ ሌላ ሰው እንዲወጣ አልፈቀደም። መዶሻ ጠየቀ። ራንጂላ ቤት ገብታ የቢሱንን መዶሻ አመጣችለት፤ እጀታው በሽቦ የተጠመጠመውን፣ ያኔ በዝናቡ መሃል ከማከሬታ አልጋ በላይ ቆርቆሮውን የመታበትን። ሳኪዩሳ ተቀበላት። መሰላሉ ላይ አንድ እግሩን አኖረ።

«ሳኪ ወንድሜ» አለችው ከታች፣ ቀስ ብላ። «ይህ በማን ስም የመጣ ነው? ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

ሳኪዩሳ ዞር ብሎ አያት።

«ስም አልተጻፈበትም» አለ።

ራንጂላ ወረቀቱን ከእጇ ጣለችና መሰላሉን ግራና ቀኝ ያዘችለት። እሱም ወጣ።